ለሐኪምሽ ይህን ንገሪው

እንዴት ከርመሻል አንቺ ጠፊ? እኔም ያው ነኝ፣ ጠፋሽ የማለት አፍ የለኝም። ሰሞኑን እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። «አስሟ ብሶባት ድጋሚ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ደምሽን ቆጥረን መርፌ እንመርጥልሻለን ብለዋታል። ደም ደግሞ ይቆጠራል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ይቆጠራል እንጂ! የላብራቶሪ ሰው ሆኜ እንጀራዬ እሱ አይደል?

የሚቆጥሩት ኢዮሲኖፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ቀለም ገብቶበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሆዱ በብርቱካንማ ፍሬ የታጨቀ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። ሳንባ ላይ ሲበዛ ግን አያድርስ። በአንድ ማይክሮሊትር ደም 150ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለአስሙ መባባስ እጁ እንዳለበት ይጠረጥራሉ። በትንፋሽሽ ያለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝና በደምሽ ያለውን አይጂኢ የሚባል ከአለርጂ ጋር የተያያዘ ፕሮቲን ጨምረው ያያሉ። ኢዮሲኖፊሉ ካየለ ሜፖሊዙማብ ወይም ቤንራሊዙማብ፣ አለርጂው ካየለ ኦማሊዙማብ የሚባለውን መርፌ ሊያስቡ ይችላሉ። ከተሳካልሽ ፊት ከሚያሳብጠው የስቴሮይድ ክኒን፣ ከፕሬድኒሶሎን ትገላገያለሽ። እኛ ጋ መርፌዎቹ ገና እንደልብ አይገኙም፤ ዕድሉ ካለሽ ተጠቀሚበት።

ነገር ግን እኛ ጎንደር ላይ ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምናስበው አስምን ሳይሆን የሆድ ትልን ነው። አይጂኢንም ትል ከፍ ያደርገዋል። ጎርጎራ ወርደን ጣና ውስጥ ስንንቦጫረቅ፣ ክረምት በባዶ እግራችን ጭቃ ስናቦካ አይደል ያደግነው? የጣና ዳር ቢልሃርዚያ የታወቀ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ነው። በእግር ቆዳ ይገባና እዚያው ሰውነት ውስጥ እየተራባ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። አንቺ አገር ብትለቂ እሱ አንቺን አይለቅም። ስቴሮይድ ሲበዛበት ደግሞ መላ ሰውነትን ሊወርና ሊገድል ይችላል። አንድ ጊዜ ሰገራ ማየት ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ የደም ምርመራ አለው። ከተገኘም በአይቨርሜክቲን ይታከማል።

ስለዚህ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ሐኪምሽን «ያደግሁት ጎንደር ነው፣ በባዶ እግሬ፣ ሐይቅ ስዋኝ» በይው። ካልነገርሽው ከየት ያውቃል? ምን ያሳፍራል?

የደም ውጤትሽንም ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ፕሬድኒሶሎን እየዋጥሽ የተቀዳ ከሆነ መጠኑንና ቀኑን ጻፊበት፤ መድኃኒቱ ኢዮሲኖፊልን ስለሚያወርደው ቁጥሩ ዝቅ ቢል አልተማመንበትም።