ለሰዓዳ፣ ከደሴ

ሰዓዳዬ፣

እንዴት ነሽ? እማማስ ደህና ናቸው? ዓመት ዓመትን እየተካው ድምፅሽ ጠፋብኝ፤ የእኔም ጠፍቶብሻል። መሃል ላይ ወሎ ላይ ያለፈውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። አሁን ያስጻፈኝ የወንድሜ ልጅ ነው።

ሐይቅ ከተማ አያቱ ጋ ሄዶ ውሻ ነከሰው። ባቱ ላይ፣ የሁለት ጥርስ ቀዳዳ ብቻ። ውሻው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አያቱ ቅጠል ሊጨምቁ ሲነሱ፣ እኔ በስልክ "በሳሙና እጠቡት! ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ታጠበ። በዚያው ዕለት ክትባት ጀመረ።

አብሽሪ፣ ደህና ነው። ጎረቤቱ ግን "ቁስሉ ድኖ የለም እንዴ? መርፌው ምን ያደርጋል?" እያለ አስቸገረኝ።

የእብድ ውሻ ቫይረስ እንደሌላው በደም አይዞርም። ከቁስሉ ነርቭ ውስጥ ይገባና በዚያው እየተሳበ ወደ አከርካሪ፣ ከዚያ ወደ አንጎል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ ንክሻው ፊት ላይ ከሆነ ይፈጥናል። ነርቭ ውስጥ ከገባ አንቲቦዲ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን በቀላሉ አያገኘውም። ኢንተርፌሮን የሚባለውን የሰውነት ማንቂያ ኬሚካልም ያፍነዋል።

አንጎል መከላከያ የለውም ማለቴ አይደለም። ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ሕዋሳት አሉት። ቫይረስ ሲገባ ይነቃሉ፤ ከደምም ቲ ሴሎች የሚባሉትን ተከላካይ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጠራሉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ቲ ሴል የተበከለውን ሕዋስ ገድሎ ይገላገላል። የሞተ የነርቭ ሕዋስ ግን ተተኪ የለውም ማለት ይቻላል፤ አይጥ ገባ ተብሎ ደግሞ ጎተራ አይቃጠልም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሕዋሱን ሳይገድሉ፣ ጋማ ኢንተርፌሮን እየለቀቁ ቫይረሱ እንዳይራባ ያደርጉታል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። መከላከሉ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ አንጎል ያብጣል፤ የራስ ቅል አይሰፋ! ቫይረሱ ያልገደለውን እብጠቱ ይገድለዋል።

የእብድ ውሻው ቫይረስ ግን ደምና አንጎልን የሚለየው አጥር ሳይከፈት፣ ቲ ሴሎቹ በብዛት ሳይደርሱ አንጎሉን ይይዘዋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተርም በ1885 እ.ኤ.አ. ውሻ የነከሰውን ልጅ የከተበው ይሄንኑ የመንገድ ጊዜ ተማምኖ ነው። ቁስል ስለደረቀ መርፌ የሚያቋርጥ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

የመጨረሻው መርፌ ሐሙስ ነው፤ ልጁን የምወስደው እኔ ነኝ። አያቱ ቅጠላቸውን ቁስሉ ላይ ስላላስደረግሁ እስካሁን አኩርፈውኛል። አንቺን ይሰሙሻል፤ ለአረፋ ከመጣሽ ሐይቅ ወርደን ታስታርቂናለሽ። ስልክሽ ተቀይሮ ከሆነ አዲሱን በወንድምሽ በኩል ላኪልኝ።

ያንቺው፣
ዘሀራ