የታሮትና የቲኪ ኤግዚቢሽን፦ ያልተያዙ ካርዶች አሉ

ሰላም ውድ አባላት፣

22ቱን ዋና የታሮት ካርዶች (ዕጣ ፈንታ የሚነበብባቸው ባለሥዕል ካርዶች) በቲኪ፣ ማለትም በፖሊኔዥያ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች) የሰው መሰል ቅርጻ ቅርጽ ስልት የምንስልበት የጋራ ኤግዚቢሽን እየደረሰ ነው። “ፀሐይ” እና “ማማው” ተይዘዋል። “የተሰቀለው ሰው”ን ግን ማንም አልነካውም፤ ምን አስፈራችሁ?

አንድ ነገር አደራ። ቲኪ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከካሊፎርኒያ መጠጥ ቤቶች የተስፋፋው ማስዋቢያ ነው። ምንጩ ግን በፖሊኔዥያ ያሉት የማርኬሳስ ደሴቶችና የኒውዚላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማኦሪዎች ቅርጻ ቅርጽ ነው። እዚያ ቲኪ የአማልክትና የቅድመ አያቶች ምስል ነው። ስለዚህ ከኮክቴል ብርጭቆ ላይ አትገልብጡ፤ የሙዚየም ስብስቦችን እዩ። የማርኬሳሱ ቲኪ ትልልቅ ክብ ዓይኖች፣ ሰፊ አፍ፣ ሆድ ላይ ያረፉ እጆች አሉት። ለ“ንጉሠ ነገሥቱ” ከዚህ የበለጠ ግርማ ከየት ይመጣል?

የካርዱ ቁጥር ከላይ፣ ስሙ ከታች ይሁን። የእርሳስ ንድፋችሁን ቶሎ ላኩልን፤ ስለ ቀለሙ በኋላ እንነጋገራለን።