ከፈተናው በኋላ በር ላይ የሰማሁት

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከተጠፋፋን ቆየን። ያንቺ ሥራ፣ የኔ ሥራ፣ የልጆች ነገር፤ ሁላችንም በየፊናችን ስንሯሯጥ ጊዜው ነጎደ። ስለ ቤቱ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ ሁላችንም ደህና ነን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ ነገር ሆዴ ገብቶ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ካንቺ ጋር ካልተጨዋወትኩት አይወጣልኝም።

ተማሪዎቼ የስታቲስቲክስ ፈተና ተፈተኑ። ከባድ ነበር። ጥያቄዎቹን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሳያቸው ግን ወደድኳቸው። ቀመር ሸምድዶ የገባ ልጅ ብዙም አይራመድም። እያንዳንዱ ጥያቄ ስሌቱን ካሠራ በኋላ “ታዲያ ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው?” ብሎ ያፋጥጣል።

ከክፍል ሲወጡ በሩ ላይ ተኮለኮሉ። “አራተኛው ስንት መጣልህ?” “አንቺስ?” “በቃ፣ ወድቄያለሁ!” አንዷ እንባዋ መጥቷል። አንዱ “ምኑ ነው የከበዳችሁ?” እያለ በመሀላቸው ይዞራል። ሌላው ሳይናገር ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሄደ። መልስ ማመሳከር ያለና የነበረ ነው፤ እኔና አንቺም ስንት ጊዜ አድርገነዋል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። በትክክል የሠሩ ልጆች እንደተሳሳቱ አምነው ሲሄዱ አየሁ።

አራተኛውን ጥያቄ ልንገርሽ። አንድ በሽታ ከ100 ሰው 1 ሰው ላይ ይገኛል። ምርመራው በሽታው ካለባቸው ሰዎች 90 ከመቶውን ያገኛል። ጤነኛ ከሆኑት ደግሞ 5 ከመቶውን በስህተት “አለባችሁ” ይላል። አንድ ሰው ተመርምሮ “አለብህ” ተባለ። በእርግጥ በሽታው ያለበት የመሆኑ ዕድል ስንት ነው?

በሩ ላይ “90!” የሚለው ድምፅ በረታ። ጥቂቶች 95 አሉ። ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ “እኔ 15 ከመቶ ገደማ ነው የመጣልኝ” አለች። ወዲያው ተነሱባት። “ዘጠና ከመቶ የሚያገኝ ምርመራ እንዴት አሥራ አምስት ይሆናል? አስቢ እንጂ!” ልጅቷ መልስ አልሰጠቻቸውም። ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ልክ ነበረች። ካላመንሽ ሥሪው። 10,000 ሰው አስቢ። 100ው በሽታው አለባቸው፤ ከነሱ 90ው “አለባችሁ” ይባላሉ። የቀሩት 9,900 ጤነኞች ናቸው፤ ከእነሱም 5 ከመቶው፣ ማለት 495ቱ፣ በስህተት “አለባችሁ” ይባላሉ። “አለባችሁ” የተባሉት በድምሩ 585 ሆኑ፤ በእውነት የታመሙት ግን 90 ብቻ ናቸው። 90ን ለ585 ስታካፍዪው 15.4 ከመቶ ይመጣል። በሽታው እምብዛም የማይገኝ ስለሆነ በስህተት የተጠሩት ጤነኞች በትክክል ከተለዩት ታማሚዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። 90 ያሉት ልጆች የመለሱት ሌላ ጥያቄ ነው፤ የታመመ ሰው “አለብህ” የመባሉን ዕድል ነው የነገሩን። ሁለቱ ሲነበቡ ይመሳሰላሉ፤ ትርጉማቸው ግን ለየቅል ነው።

እዚያው ልነግራት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሰዓት የሚፈተን ሌላ ክፍል ስለነበረ ስለ መልሶቹ መናገር አንችልም። ዝም አልኩ። ፊቷ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሰባተኛው ላይ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ። ከመደበኛ ሥርጭት (አብዛኛው ልኬት በአማካዩ ዙሪያ ከሚሰበሰብበት) የተወሰደ 8 ልኬት ብቻ ያለው ናሙና ተሰጥቷቸው ለአማካዩ የ95 ከመቶ መተማመኛ ክልል፣ ማለት እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ብለን የምንገምተውን የቁጥር ክልል፣ አውጡ ተባሉ። ናሙናው የተወሰደበት የመላው ስብስብ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለት ልኬቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካው ቁጥር፣ አልተሰጠም። ግማሾቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ሲታወቅ የምትሠራዋን፣ ያቺን የለመዷትን 1.96 ተጠቀሙ። የቀሩት ለትንሽ ናሙና የሚያገለግለውን የቲ ሠንጠረዥ ከፍተው በ7 ነፃነት ደረጃ (ከ8ቱ ልኬት አንድ ሲቀነስ) 2.365ን አወጡ። ልክ የሆኑት እነዚህ ናቸው። ናሙናው ትንሽ ሲሆን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ራሱ ግምት ነው፤ ስለዚህ ክልሉን ሰፋ ማድረግ ግድ ይላል። ለዚህ ነገር መላ ያበጀለት ዊልያም ጎሴት ነው፤ ደብሊን ውስጥ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ሥራውን በ1908 በብዕር ስም አሳተመው። በጥቂት ሙከራ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ መስጠት የዕለት ሥራው ስለነበረ ነው ነገሩ የገባው። ለልጆቹ ይህን ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሠንጠረዡ ከሰማይ እንዳልወረደ ያያሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ፒ-ቫልዩ 0.03 ሆነ፤ በራስህ አባባል አብራራ ይላል። በሩ ላይ ከሰማሁት ብዙው “መነሻ መላምቱ ትክክል የመሆኑ ዕድል 3 ከመቶ ነው” የሚል ነበር፤ መነሻ መላምት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ “ልዩነት የለም” ብሎ የሚነሳውን ግምት ነው። አይደለም። ፒ-ቫልዩ ማለት መነሻ መላምቱ ትክክል ነው ብለን ብንነሳ፣ ያየነውን ያህል ወይም ከመላምቱ ይበልጥ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድል ነው። በዚህ ግን ልጆቹን አልወቅስም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር በ2016 ስለ ፒ-ቫልዩ መግለጫ አውጥቶ፣ መላምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካ በግልጽ አስፍሯል። መግለጫው የተጻፈው ለተመራማሪዎች ጭምር ነው። ትልልቆቹ የሚሳሳቱትን ልጆች ቢሳሳቱ አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ “ሁሉም ወድቋል” የሚል ወሬ ግቢውን ሞላው። ማን ነው ሁሉም? በሩ ላይ የቆሙት ናቸው። ከእነሱም ውስጥ ድምፃቸው የሚሰማው። ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሄደው ልጅ አልተጠየቀም። 15 ያለችውም ከዚያ በኋላ አፏን አልከፈተችም። ስታቲስቲክስ ተፈትነው የወጡ ልጆች፣ በክፍል ተጠንቀቁት ስንላቸው የከረምነውን ስህተት፣ ጥቂቶችን ብቻ ሰምቶ ስለ ሁሉም መፍረድን፣ ውጭ ላይ በራሳቸው ፈጸሙት።

የ1936ቱን የአሜሪካ ምርጫ ታስታውሻለሽ? ሊተረሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ሰው መጠይቅ ልኮ 2.4 ሚሊዮን ያህል መልስ አገኘ። ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ላንደን 57 ከመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ግን 61 ከመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በብዛት የተወሰዱት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። በዚያ ላይ መልስ ለመላክ የተነሱትና ዝም ያሉት ሰዎች አንድ ዓይነት አልነበሩም። 2.4 ሚሊዮን ሰው እንኳ ያሳስታል። በር ላይ የተሰበሰቡ ጥቂት ልጆችማ!

ሌላም የማስበው አለ። ከባድ ፈተና ላይ ተጠራጥሮ የሚወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ወጥመዱን ያየ ይመስለኛል። “ቀላል ነው” ያለው ልጅ በእርግጥ አውቆት ሊሆን ይችላል። ወጥመዱ እንዳለም ሳያይ አልፎት ሊሆንም ይችላል። ከፊቱ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚጨንቀኝ ግን ወረቀቱ ሳይታረም፣ “ቀላል ነው” ያለው በልበ ሙሉነቱ 15 ያለችውን ልጅ “እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም” ወደሚል ሐሳብ ሲገፋት ማየት ነው።

አንድ ባልደረባዬ መልስ ማመሳከር ይከልከል፣ ቀጥ ብለው ቤታቸው ይሂዱ ይላል። አልተስማማሁም። እዚያው በር ላይ ሁለት ልጆች አራተኛውን ጥያቄ በወረቀት ጀርባ ላይ በዛፍ ሥዕል (ታማሚና ጤነኛ ብለው ቅርንጫፍ እያወጡ) እንደገና ሲሠሩት ነበር። አንዱ “ቆይ፣ ጤነኞቹን ረሳናቸው እኮ!” ብሎ ሲጮህ ሰማሁት። እንደዚያ ያለ ትምህርት እኔ በስንት ክፍለ ጊዜ አልሰጠሁም። ያ ሊሆን የቻለው “ስንት መጣልህ?” ሳይሆን “እንዴት ሠራኸው?” ተባብለው ስለጀመሩ ነው። ያቺንም ልጅ “እንዴት 15 መጣልሽ?” ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው ቢኖር፣ የ10,000ውን ሰው ሒሳብ ትነግራቸው ነበር። ቁጥሯን እንጂ ሐሳቧን የጠየቀ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ፈተና አንድ ነገር ልሞክር ነው። ወረቀታቸውን ከማስረከባቸው በፊት እያንዳንዱ ልጅ በትንሽ ወረቀት ላይ ስንት አገኛለሁ ብሎ እንደሚገምት ይጽፍልኛል። ለየጥያቄውም ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ከ10 ነጥብ ይሰጣል። ከሌላ ሰው አፍ ምንም ሳይሰሙ ማለት ነው። ከዚያ ይውጡና እንደልባቸው ይከራከሩ። ውጤቱ ሲመጣ ግምታቸውንና እውነተኛውን ጎን ለጎን አድርገን ነጥቦቹን ግራፍ ላይ እናስቀምጣለን። የራሳቸው ዳታ ነው። ማን ከልኩ በላይ ተማምኖ ነበር፣ ማን ያለ ምክንያት ራሱን ዝቅ አድርጎ ነበር፣ ራሳቸው ያዩታል። ያቺ ልጅ ይህን እንድታይ በጣም እፈልጋለሁ።

አንቺ ምን ትያለሽ? በየጥያቄው ላይ እርግጠኝነትን መጻፍ ፈተናው ላይ ያሉትን ልጆች ያስጨንቃቸው ይሆን? በአንድ አጠቃላይ ግምት ብቻ ብጀምር ይሻል ይሆን? በዚህ ላይ ያንቺን ሐሳብ እፈልጋለሁ፤ ልጆች ሲጨነቁ ከኔ ቀድመሽ ነው የሚገባሽ። አራተኛውንም ጥያቄ ሥራ ቦታሽ ላሉት ስጪያቸው። መልሳቸውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደደረሱበት ጠይቀሽ ጻፊልኝ። አድራሻዬ ያው የድሮው ነው።

ናፋቂሽ