ልጆችህን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት

ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 24 ቀን

ውድ ወንድሜ ይበልጣል፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ መቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብዕር ማንሣት ከብዶኝ ኖሯል። አሁን ግን ለመስቀል ልጆችህን ይዘህ እንደምትመጣ ታላቅ እኅትህ ስለነገረችኝ፣ አምና የደረሰብኝን ሳልነግርህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በመስከረም መጨረሻ ከላሞቹ ጋር ጨፌው ላይ ስውል ሰነበትኩና፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ራሴን ፈለጠኝ፤ ወገቤና አንገቴ ተቆረጣጠመ። ወሩ የወባ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወባ ነው አለ። ደሜ ተመርምሮ ወባ እንደሌለበት ቢነገረኝም የወባ መድኃኒት ተሰጥቶኝ ተመለስኩ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም። በአምስተኛው ቀን እናቴ እግሬን ስታጥብ ቋንጃዬ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል፣ ዙሪያዋ የቀላ፣ ሲነኳት እምብዛም የማታም ጥቁር ቅርፊት አየች፤ በዚያው በኩል ብሽሽቴ ላይም ንፍፊት ወጥቶ ነበር። ሌላ ዘንድ ሄጄ ያገኘሁት ጤና መኮንን ቅርፊቷን ገና ሲያይ «ከከብት ጋር ትውላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

በሽታው የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ይባላል። ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለችው ተህዋስ በከብት መዥገር ምራቅ ወደ ሰው ትገባለች፤ በአገራችን መዥገር ላይ ቀድሞ የተገኘች ስትሆን ይህን ስሟን ያገኘችው በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ከሰው ወደ ሰው አትተላለፍም። ተስቦና ግርሻን እኛ ዘንድ የሚያመጣው ቅማል ስለሆነ ከዚህ ጋር አታምታታቸው። መዥገር አይበርም፣ አይዘልም፤ ሣር ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ወይም ሰውን አሽትቶ ይመጣል፤ ሲነክስ ስለማያም አብዛኛው ሰው መነከሱን አያውቅም። ወንድሜ፣ እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነው፤ ልጅ ያልተሰማውን ነገር አይናገርም።

ስለዚህ ማታ ማታ ብብታቸውን፣ ብሽሽታቸውን፣ ቋንጃቸውንና የጆሯቸውን ጀርባ በብርሃን እይ። መዥገር ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘህ ሳትጠመዝዝ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳበው፤ በጣትህ አትጨፍልቀው። ላምባ ማፍሰስ፣ ቅቤ መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ፣ ሽማግሌዎቻችን ቢመክሩህም እንኳ፣ መዥገሩ ምራቁን እንዲለቅ ሊያደርገው ስለሚችል አይበጅም። በዐሥር ቀን ውስጥ ትኩሳት ከያዛቸው ወባውን አስመርምር፤ ነገር ግን ቆዳቸው ሳይታይ ከጤና ጣቢያው አትውጣ፤ ልጆቹ ሜዳ መዋላቸውንም አንተው ቀድመህ ለጤና ባለሙያዎቹ ንገራቸው፤ መድኃኒቱን እነሱ ይምረጡ።

ረዥም ሱሪና ካልሲ ያዝላቸው። የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ፤ እናቴም ሰላም ትልሃለች።

የልጅነት ወዳጅህ