የተሳሳተ የሞተር ዘይት ስለተሞላበት መኪና የቀረበ ቅሬታ

ለዘይት ቅያሪና ሰርቪስ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳልጠየቅ ስለተለወጠው የሞተር ዘይት

ማዕከላችሁ መኪናዬን ሰርቪስ ሲያደርግ ያዘዝኩትን ዘይት ትቶ ሌላ ሞልቶባታል። በሥራ ማዘዣው ላይ 15ደብሊው-40 (ወፍራም ዘይት) ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ደረሰኙ ግን 0ደብሊው-20 (ቀጭን ዘይት)፣ ኤፒአይ ኤስፒ (የዘይት ጥራት ደረጃ) ይላል። የሁለቱም ኮፒ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

መኪናዋ ከውጭ ሲያዩዋት የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ውስጧ ያለው ሞተር ግን ቶዮታ በ1983 እ.ኤ.አ. ማምረት የጀመረው፣ ብዙዎች ትዊን ካም የሚሉት ባለ 1,587 ሲሲው 4ኤ-ጂኢ ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ያማሃ የተሳተፈበት ባለ 16 ቫልቭ ሲሆን፣ በደቂቃ ከ7,000 ዙር በላይ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቫልቮቹን የሚገፋው እንደ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች በሮለር አይደለም፤ ብረት በብረት ላይ እየተንሸራተተ ነው። በመሃላቸው ያለው የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ይህን ለተቀባዩ ሠራተኛ አስረድቼ፣ ማዘዣው ላይ አስጽፌ ነው ቁልፉን ያስረከብኩት።

ቅሬታዬን በቃል ሳቀርብ የተሰጠኝ መልስ «ኤስፒ የመጨረሻው ደረጃ ስለሆነ ከድሮዎቹ ሁሉ ይበልጣል» የሚል ነበር። ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ለአዲስ ሞተር በጣም ጥሩ ደረጃ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እንደ 0ደብሊው-20 ባሉ ቀጫጭን ዘይቶች ላይ የፎስፈረሱ መጠን ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ተገድቧል። ምክንያቱም ፎስፈረስ በጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠመውን ጭስ አጣሪ፣ ካታሊስት፣ ይጎዳል። ካምሻፍትን ከመበላት የሚጠብቀው የዚንክና የፎስፈረስ ውህድም የቀነሰው በዚሁ ሳቢያ ነው። የእኔ መኪና ካታሊስት የላትም። ታዲያ ለሌላት ዕቃ ሲባል ያላት ካምሻፍት ለምን ይጋለጣል?

ውፍረቱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መጨረሻው 20 የሆነው ዘይት ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ሲሆን፣ መጨረሻው 40 የሆነው ግን ከ12.5 እስከ 16.3 ነው። ለዘመናት የሠራ፣ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ክፍተት ያበጀ ሞተር ከ0ደብሊው-20 ጋር አብሮ አልተነደፈም። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ወርጄ ከተማው ውስጥ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጣት) ስትቆም፣ የዘይት ግፊት መለኪያው ከዚህ በፊት አይቼው ወደማላውቀው ቦታ ወረደ፤ ከቴስታታው በኩልም ድምፅ መጣ። ዘይቱን ወዲያው አስደፍቼ በትክክለኛው ቀየርኩ። ግፊቱ ተመልሷል፣ ድምፁ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳይታይ ካምሻፍቱ ተበልቷል ብዬ አልከስም። ያሳዘነኝ፣ ይህን ይዤ ስመጣ ዘይቱን ስለለወጠው ሠራተኛ ማንም ሳይጠይቅ «ሞተሩ ድሮም አርጅቷል» ተብዬ፣ በላዩ ዘይት የሚያወፍር ጣሳ እንድገዛ መመከሬ ነው። አሮጌ ሞተርን በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው እንዲህ መስተናገድ የለበትም።

ስለዚህ የዘይቱ፣ የፊልትሮውና የእጅ ዋጋ እንዲመለስልኝ፤ የቴስታታው ክዳን እኔ በመረጥኩት ጋራዥ፣ በማዕከሉ ወጪ ተከፍቶ ካምሻፍቱና የቫልቭ ክፍተቱ እንዲለካ፤ ጉዳት ከተገኘም ማዕከሉ እንዲያሳድሰው እጠይቃለሁ። የምትሸጧቸውን ዘይቶች የቴክኒክ መግለጫ ወረቀትም ደንበኛ ሲጠይቅ አሳዩ፤ ወፍራም ዘይት ሁሉ በቂ ዚንክ አለው ማለት ስላልሆነ በጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ አይበቃንም። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይደነግጋል።

መልሳችሁን በጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ማዘዣውንና ደረሰኙን ይዤ ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አቤት እላለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የማዕከሉ ደንበኛ