ለእታለም፦ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ መርፌውና ስለ «ኳንተሙ» ሣጥን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የእማዬ የወገብ ህመም ከጠናባት ወዲህ ምክሩ ከየአቅጣጫው እንደበዛባችሁ ጽፈሻል፤ አንዱ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያሳይ ምስል) ትነሳ ይላል፣ ሌላው አኩፓንክቸር (በቀጫጭን መርፌ እየወጉ የሚያክሙበት የቻይና ሕክምና) ያሽላታል ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ በእጇ ዘንግ አስይዤ «የኳንተም መሣሪያ» በሚለው ሣጥን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እመረምራታለሁ ብሏችኋል። በስልክ ባጭሩ ልመልስልሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩ እናታችንን የሚመለከት ስለሆነ፣ የእኔም የዕለት ተዕለት ሥራ ከዚሁ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ የማስበውን ዘርዘር አድርጌ መጻፍን መረጥሁ።

ከማውቀው ልጀምር። የኤምአርአይ መሣሪያ ከሁሉ በፊት ትልቅ ማግኔት ነው። እኔ የምሠራበት 1.5 ቴስላ ጉልበት ያለው ሲሆን፣ ይህም ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የማግኔቱ ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም እስከ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ስለሚቀዘቅዝ ኤሌክትሪኩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይዞርበታል። ከሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ነውና ስፍር ቁጥር የሌለው የሃይድሮጂን አቶም በውስጣችን አለ። የዚህ አቶም አስኳል፣ ማለትም ፕሮቶኑ፣ ማግኔቱ ውስጥ ሲገባ እንደ እንዝርት ዘንበል ብሎ በሴኮንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይሾራል። በዚያው ልክ የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ ስንልክበት ኃይሉን ይቀበላል፤ ሞገዱን ስናቋርጥ ደግሞ መልሶ ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ ምስሉ የሚሠራው ከዚህ ምልክት ነው። ራጅ የሚጠቀምበትን ዓይነት ጨረር ግን በሰውነት ውስጥ አይሰድም። ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል ይህን የአስኳል ባሕርይ በውሃና በመሳሰሉት ነገሮች ላይ በ1946 እ.ኤ.አ. ሲያሳዩ የሕክምና ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ከምልክቱ ምስል ማውጣት እንደሚቻል ፖል ላውተርበር ያሳየው በ1973 ነው፤ እርሱና ፒተር ማንስፊልድም በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ የምልክቱ ትንሽነት ነው። በዚህ ሁሉ የማግኔት ጉልበት ውስጥ እንኳ ወደ መስኩ አቅጣጫ የሚያዘነብሉት ፕሮቶኖች ወደ ተቃራኒው ከሚያዘነብሉት የሚበልጡት ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ በ5 ገደማ ብቻ ነው። የቀሩት እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሆስፒታሉ ያን ሁሉ ሂሊየምና ከመዳብ የተሠራ ልዩ ክፍል ያዘጋጀው ይህችን ጥቂት ትርፍ ለመስማት ነው። ይህን ነገር ያዢልኝ፣ በኋላ ስለ ሣጥኑ ሳነሳ እመለስበታለሁ።

ታካሚ ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት በእጁ የጎማ ፊኛ እናስይዘዋለን፤ ከጨነቀው ይጨምቀዋል፣ እኛም ሥራውን እናቆማለን። ውስጥ ሲሆን መዶሻ የሚመስል ድምፅ ይሰማዋል፤ ድምፁ ምልክቱ ከየትኛው የሰውነት ቦታ እንደመጣ ለመለየት የሚያገለግሉት ጥቅልል ሽቦዎች ኤሌክትሪክ ሲበራባቸውና ሲጠፋባቸው በትልቁ ማግኔት ውስጥ ስለሚገፉ የሚፈጠር ንዝረት ነው። ይህን አስቀድሜ ያልነገርኋቸው ታካሚዎች ፊኛውን ቶሎ ይጨምቃሉ፤ አረጋግቼ፣ ከጉልበታቸው በታች ትራስ አስገብቼ፣ ምን እንደሚሰሙ ነግሬ ያስገባኋቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ብለው ይጨርሳሉ። እታለም፣ የሰው እናት ትራስ ሳስተካክል የራሴ እናት በወገቧ እየተሰቃየች መሆኗን ማሰቡ ልቤን ይበላዋል። ይህን ደብዳቤ የሚያስረዝመውም እርሱ ነው።

እንግዲህ እማዬ ኤምአርአይ ትነሳ ወይ? መሣሪያውን እወደዋለሁ፤ ሆኖም የሚያሳየው ቅርጽን እንጂ ህመምን አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ምንም የጀርባ ህመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል አሰባስቦ ነበር። የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ) ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ ካሉት በ37 በመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ በ96 በመቶው ላይ ታይቷል። አስቢው፦ ሁሉም ጤነኞች ናቸው። በእማዬ ዕድሜ ያለ ሰው ኤምአርአይ ቢነሳ «ዲስኩ ተጎድቷል» የሚል ወረቀት ይዞ መውጣቱ የማይቀር ነው፤ ያ ወረቀት ግን ለህመሟ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ መጎንበስና መራመድ ፈርቶ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ህመሙ ይብስበታል። ስለዚህ ለጊዜው ባይቸኮል እመርጣለሁ። ነገር ግን እግሯ ቢደክምባት፣ በመቀመጫዋና በጭኗ መካከል ቢደነዝዛት፣ ሽንቷን መቆጣጠር ቢያቅታት፣ ትኩሳት ቢኖራት ወይም ያለ ምክንያት ብትከሳ፣ ያን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሳታሳድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፤ ምስሉ ነፍስ የሚያድነው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ መርፌው ደግሞ ልንገርሽ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤአለሁና። በጀርመን አገር 1,162 ሥር የሰደደ የወገብ ህመም ያለባቸውን ሰዎች በሦስት ቡድን የከፈለ ጥናት በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አንደኛው ቡድን በቻይና ሥርዓት መሠረት በትክክለኛ ነጥቦች ላይ መርፌ ተወጋ፤ ሁለተኛው ነጥብ ባልሆኑ ቦታዎች ላይ ከቆዳ ብዙም ሳያልፍ ተወጋ፤ ሦስተኛው የተለመደውን መድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና አገኘ። ከስድስት ወር በኋላ በአንደኛው 47.6 በመቶ፣ በሁለተኛው 44.2 በመቶ፣ በሦስተኛው 27.4 በመቶ የሚሆኑት ተሽሏቸዋል። መርፌ የተወጉት ካልተወጉት በእጅጉ በለጡ፤ ነገር ግን መርፌው የት ቦታ ላይ ገባ የሚለው ያመጣው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። የቻይናው ሥርዓት በነጥቦቹ መካከል በመስመሮች ይፈሳል የሚለው ኃይል እውነት ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት መራራቅ ነበረበት። እንግዲህ ለውጡን ያመጣው የነጥቦቹ ካርታ ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥሽ፣ የሚዳስስሽ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቸኩል የሚያክምሽ ሰው ነው፤ መርፌውና ሥርዓቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ያጠነክሩታል።

«እንግዲያው ሐሳብ ብቻ ነው» እንዳትዪኝ። በ1978 እ.ኤ.አ. ጥርስ የተነቀሉ ሰዎች መድኃኒት የሌለበት መርፌ ተሰጥቷቸው ህመማቸው ሲቀልላቸው፣ ናሎክሶን የተባለው፣ ብርቱ የህመም ማስታገሻ የሆነውን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሲጨመርላቸው ህመሙ ተመልሶ መጣ። አእምሮ የራሱን ማስታገሻ ያመነጫል ማለት ነው። ይህ ከፊዚክስ ውጭ የሆነ ምሥጢር አይደለም፤ በሞለኪውል የሚለካ የሰውነት ሥራ ነው። ሆኖም ይህ ኃይል ህመምን ያለዝባል እንጂ ዕጢን አያሟሽሽም፣ የተሰበረ አጥንትም አይጠግንም። የእኛ ትልልቅ ሆስፒታሎች ግን ይህን ያህል እንኳ ንቀውታል፤ ሐኪሙ ዓይኑን ኮምፒዩተር ላይ ተክሎ በደቂቃዎች ያሰናብትሻል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ምሥራቅና ምዕራብ የሚባለው ክፍፍል እኔ ዘንድ ብዙ ዋጋ የለውም። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ያነበበችው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍን ነበር፤ መጽሐፉ ለወባ የሚሆነውን ተክል በውሃ ነክሮ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን አያዝም። ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸዋል ብላ ጠርጥራ በ1971 ኤተር በተባለ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ በአይጦችና በዝንጀሮዎች ሞከረችው፣ ራሷም ቀመሰችው። አርቴሚሲኒን እንዲህ ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። ያረጀ መጽሐፍ ስለሆነ ብቻ አላመነችውም፣ ያረጀ ስለሆነም አልጣለችውም፤ ፈተነችው። ከዚያው ከቻይና ቅጠላ ቅጠል መካከል ግን አሪስቶሎኪያ የተባለው በቤልጂየም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለክሳት ብለው የወሰዱትን የብዙ ሴቶች ኩላሊት አጥፍቷል። ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፦ አኩፓንክቸሩ ቢሆን እንኳ ከመርፌው ጋር የሚሰጥ የሥር ውህድ አትቀበሉ። በብዙዎቹ ውስጥ የሚገባው ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምንም ይቀንሳል፤ እማዬ ደግሞ የግፊት ኪኒን የምትወስድ ናት።

አሁን ወደ ሣጥኑ። ሰውየው በእጇ በያዘችው ዘንግ «የሰውነቷን መግነጢሳዊ ድምፅ» እሰማለሁ ካለ፣ ከአንድ ሚሊዮን የአምስቱን ሹክሹክታ ያለ ማግኔት፣ ያለ ሂሊየም፣ ያለ ልዩ ክፍል ሰማሁ ማለቱ ነው። ይህ አይሆንም። ኳንተም የአቶምንና ከአቶም ያነሱ ነገሮችን ጠባይ የሚያጠና እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ያለ እርሱ ሌዘርም ሆነ ኤምአርአይ አይኖርም፤ ስሙን ሣጥን ላይ መለጠፍ ግን ሳይንስ አያደርገውም። ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየም የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በ1898 እ.ኤ.አ. ካገኙ በኋላም እንዲሁ ሆኗል። ነጋዴዎች የአዲሱን ግኝት ዝና ተከልለው ራዲየም ያለበትን ውሃ ለብርታት ይሸጡ ነበር፤ ይህን ውሃ ለዓመታት የጠጣው አሜሪካዊው ባለ ሀብት ኢበን ባየርስ መንጋጋው ተበልቶ በ1932 ሞተ። የእናንተው ሣጥን እንደ ራዲየም አይገድል ይሆናል፤ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ «ኩላሊትሽ ታሟል» ብሎ ሊያስደነግጣት፣ ወይም «ልብሽ ደህና ነው» ብሎ ኪኒኗን ሊያስጥላት ይችላል። እባክሽ፣ በጭራሽ አታስጠጉት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለዚህ ዓይነቱ ሥር የሰደደ የወገብ ህመም መመሪያ አውጥቷል፤ በዕቅድ የሚሠራ የአካል እንቅስቃሴን፣ ስለ ህመሙ በቂ ማስረዳትን፣ ማሳጅንና መርፌንም ይጨምራል፤ ከሞርፊን ወገን የሆኑ ማስታገሻዎችን ደግሞ አይመክርም። እንግዲህ መጀመሪያ አንቺ ራስሽ ይዘሻት ሂጂና ዳስሶ የሚመረምር ሐኪም እግሯን አንስቶ፣ ጉልበቷን መትቶ፣ አስኪዶ ይያት። ከዚያ ፊዚዮቴራፒ ትጀምር። መርፌውን ከፈለገች፣ ንጹሕ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መርፌ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም አስቀድመሽ ለሐኪሟ ነግረሽ፣ ትሞክረው፤ እኔ አልቃወምም። የግፊት ኪኒኗን ግን አንድ ቀንም እንዳታቋርጥ።

ሐኪሙ የሚላችሁን ቃል በቃል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የሚወስዱት ምስል ካለም ዘገባውን ብቻ ሳይሆን ሥዕሎቹን ጭምር ይስጧችሁ፣ እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አየዋለሁ። እማዬን ሳሚልኝ።

አክባሪ ወንድምሽ