የማቃጠል ክልከላው፦ ሽማግሌዎቹ የፈረዱት ይጻፍልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። ሩብ ሄክታር የማትሞላ ማሳና አንድ ጓሮ አለኝ።

ሰሞኑን ስብሰባ ተጠራንና «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው በይዞታው ላይ ምንም ነገር ማቃጠል አይችልም» ተባልን። አንድ ገበሬ እጁን አወጣ። «የጓሮ ቅጠልስ?» «እሱም።» «አረሙስ?» «እሱም።» «ምድጃስ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስብሰባውም በዚያው አለቀ። ወረቀት አላየንም። ቅጣቱ ስንት ነው፣ ማነው የሚቀጣው፣ እስከ መቼ ነው የሚጸናው፣ ይህን የነገረን የለም።

ከዚያ ወዲህ ማቃጠሉ አልቆመም። ወደ ማታ ተዛወረ እንጂ። ሰው እራቱን በልቶ፣ ጨለማ ለብሶ ይለኩሳል። ለኩሶ ይተኛል። የማታ ጭስ ደግሞ ሽቅብ አይወጣም፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ መሬት ለመሬት ይተኛና በየቤቱ ይገባል። ድሮ ቀን ላይ ሲነድ ቢያንስ «ኧረ እሳቱ ወጣ!» የሚል ሰው ነበር።

እኔ ራሴም ንጹህ አይደለሁም። ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ የነቀልኩትን ቅንጨ አረም ከእሾህ ጋር ከምሬ ለኮስኩት። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት ነፋስ እንደሚነሳ አርባ ዓመት የኖርኩበት አገር ነውና አላውቅም አልልም። ቸኩዬ ነው። ነፋሱ መጣ፣ እሳቱ በወሰኑ ላይ ያለውን ደረቅ ሣር ይዞ ሄደ፣ የጎረቤቴን የማሽላ አገዳ ክምር ያዘው። መንደሩ ወጥቶ በእርጥብ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍና በአፈር መታው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውን ተረት ለተማሪ ስንት ዓመት አስረድቻለሁ፤ ቅጠሉን በእጄ የያዝኩት ግን ያን ቀን ነው፣ ያውም ከተቃጠለ በኋላ።

ጎረቤቴ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። አልጮኸብኝም። «ጋሼ፣ አንቱ የለኮሱት በይዞታዎ ነው፤ የነደደው ግን የኔ የበሬ ቀለብ ነው» አለኝ ብቻ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ለቅሬያችን፣ ማለት ለዕድራችን፣ ሽማግሌዎች ደረሰ። ከዋርካው ስር ተቀመጡ፤ ቡናው ተፈላ። የተቃጠለውን ግማሹን በአገዳ፣ ግማሹን በጤፍ ጭድ እንድተካ ፈረዱ። ተካሁ። ፍርዱ ግን በዚህ አላበቃም። አንደኛው አባት ወደ ሁላችንም ዞረው እንዲህ አሉ፦ ከእንግዲህ የሚለኩስ ሰው ጎረቤቱን ይንገር። ጤዛው ሳይረግፍ ጠዋት ይጀምር፣ ነፋስ ሳይነሳ ይጨርስ። ዙሪያውን እስከ አፈሩ ድረስ ይመንጥር። ረመጡ እስኪጠፋ ከቦታው አይነሳ። ይህን አድርጎ እሳት ካመለጠው የእግዜር ቁጣ ነው፣ አብረን እንተካለታለን። ሳያደርግ ካመለጠው ራሱ ይክፈል።

አዘጋጅ ሆይ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ደንብ አልሰማሁም። «ማቃጠል ክልክል ነው» ያሉን ሰዎች ይህን ጠይቀውን ቢሆን አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም ነበር።

ከተማ ያለ አንባቢ ገበሬው ምርቱን ሰብስቦ ማሳውን በሙሉ የሚያነድ ይመስለው ይሆናል። ወሎ ውስጥ ጭድ የሚያቃጥል ሰው ካለ አብዷል ማለት ነው። ጭድ የከብት መኖ ነው፤ ቤት ሲለሰንም ከጭቃ ጋር ይቦካል። አገዳ መኖ ነው፣ አጥር ነው፣ ማገዶ ነው። አገዳ ቆርቁር የገባበትን እንኳ ማንደድ የግድ አይደለም። ትሉ በጋውን የሚያሳልፈው አገዳው ውስጥ ተደብቆ ነው። ስለዚህ ከመከመር በፊት አገዳውን መሬት ላይ አግድም ዘርግቶ ጥቂት ሳምንት ፀሐይ ማስመታት ብዙውን ይገድለዋል። መኖውም ይተርፋል።

የሚቃጠለው ሌላ ነው። ከጓሮ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ እሾህ፣ የአጥር ቁርጥራጭ፣ ገራባ። ቅጠሉና ገራባው ጉድጓድ ገብቶ ከእበት፣ ከአመድና ከአፈር ጋር እየተነባበረ ውሃ ቢጠጣ በወራት ውስጥ ኮምፖስት ይሆናል። በእርግጥ የባህር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ብቻውን ሳይሆን ከለምለም ነገር ጋር መደባለቅ አለበት። የፋብሪካ ማዳበሪያ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ቅጠል ማንደድ ገንዘብ ማንደድ ነው። እዚህ ላይ ከከልካዮቹ ጋር ነኝ።

ቅንጨ አረም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዷ ተክል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ታረግፋለች። እጅ ታሳክካለች፣ አስም ያለበትን ሰው ታፍናለች፣ የበላች ላም ወተቷ ይመራል። ዘር የያዘችውን ኮምፖስት ውስጥ ብትጨምራት ጉድጓዱ በደንብ ካልጋለ ዘሩ አይሞትም፤ በገዛ እጅህ ማሳህ ላይ ትዘራታለህ። ቆቦ በኩል ያሉ ወዳጆቼም የማሽላን ሥር ስለሚመጥጠው አረም፣ ስለ አቀንጭራ፣ ይህንኑ ይላሉ፦ ሳይዘራ ንቀል፣ አቃጥል። ይህን የሚከለክል ደንብ አረሙን ነው የሚጠብቀው።

ሕጉስ ምን ይላል? እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ማንበብ እችላለሁ። «ይዞታዬ ነው፣ ምን አገባችሁ» የሚለው ክርክር አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስና ጥላሸትን በስም ጠርቶ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይላል። ልኩ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድና የመሬቱ አቀማመጥ እንዲታይ ያዛል። እንግዲህ የአካባቢው ልማድ ማለት እነዚያ ከዋርካው ስር የተቀመጡት አባቶች ያሉት አይደለም እንዴ? የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል።

ጨርሶ ይከልከል የምለው አንድ ነገር አለ፦ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ። ኅዳር 12 ሲደርስ ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ ነው። ያኔ የሚታጠነው ቅጠልና ገለባ ነበር። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ የሚሸተው የቀለጠ ፕላስቲክ ነው። ዳይኦክሲን የሚባለው መርዝ የሚወጣው ከእንዲህ ያለው እሳት ነው። ልማዱ ይቅር አልልም፤ ፌስታሉ ከክምሩ ይውጣ። በነገራችን ላይ በዚያ ስብሰባ ፕላስቲክን ያነሳው የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደንቡ በአንድ ገጽ ይጻፍና ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ፕላስቲክ በማንኛውም ጊዜ ክልክል ይሁን። ቅጠል ጉድጓድ ይግባ። ዘር የሚበትን አረም ለጎረቤት ተነግሮ፣ ጠዋት፣ ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ ይቃጠል። ደን አጠገብ ያለ ማሳ ለብቻው ይታይ፤ እዚያ ነገሩ ይከብዳል። ያጠፋን ደግሞ መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው።

እኔ ክልከላውን አክብሬ ዘንድሮ አልለኮስኩም። የነቀልኩት ቅንጨ አረም አራት ማዳበሪያ ሞልቶ ጓሮዬ ተደርድሯል። ትናንት ሳየው አንዱ ማዳበሪያ ከታች ተቀዷል፤ ዶሮዎቹ ሲጭሩት አገኘኋቸው። እባካችሁ መልሱ ቶሎ ይምጣልኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ